ዴልፊ ስትሄዱ እዛው እደሩ

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አውሮፓ ላለው ኮሚኒቲያችን ስለ ዴልፊ፣ ግሪክ ውስጥ ስላለው የጥንት ቅዱስ ቦታ፣ ያደረኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ሰዎች ጻፊልን ስላላችሁኝ እንዳወራሁት አድርጌ አስፍሬዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። እናቶችና አባቶች ከፊት ስለተቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ከምናገረው ግማሹ ለናንተ ነው። ዘንድሮ ከመካከላችን ግሪክ ለመሄድ የሚያስቡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፣ አብዛኛው ሰው ደሞ የሚጠይቀኝ አንድ አይነት ነገር ነው፣ «አቴንስ ጥቂት ቀን ይዘናል፣ ዴልፊን በአንድ ቀን አይተን መመለስ እንችላለን ወይ?» የሚል። ይቻላል። አስጎብኚዎቹም በየቀኑ የሚሸጡት ይሄንኑ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምለምናችሁ እንደዛ እንዳታደርጉ ነው። አንድ ሌሊት እዛው እደሩ፣ መቀነስ ካለባችሁ ከአቴንስ ሾፒንግ ቀንሱ፣ ከዴልፊ ግን አትቀንሱ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንየው። ዴልፊ ከአቴንስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የፓርናሶስ ተራራ ወገብ ላይ። አውቶቡስ 3 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ጠመዝማዛ ነው። ጠዋት ከአቴንስ የተነሳ የቱሪስት ባስ ዴልፊ የሚደርሰው ወደ 4 ሰዓት ተኩል ወደ 5 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሁሉም ባሶች ደሞ አንድ ላይ ነው የሚደርሱት፣ ፀሐዩም አናት ላይ የሚወጣው በዛው ሰዓት ነው። ከዛ አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ታስኬዳችኋለች፣ ሽቅብ ነው፣ አዛውንቶች ይደክማቸዋል፣ ልጆች ውሃ ይላሉ፣ ቤተ መቅደሱ ጋ ስትደርሱ ፎቶ ተነስታችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሙዚየሙን እየሮጣችሁ ታዩታላችሁ፣ ከዛ ምሳ፣ ከዛ መንገድ። ስድስት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ማየት ማለት ነው። ሰው ተመልሶ «ምንም የለም እኮ፣ ድንጋይ ነው» ሲል ስሰማ በጣም ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ያ ቦታ ምንም የሌለበት ቦታ አይደለም።

ምን ነበር ዴልፊ? የጥንት ግሪኮች የምድር እምብርት እዚህ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በአፈ ታሪካቸው የአማልክቱ አለቃ ዜውስ ሁለት ንስሮች ከምድር ሁለት ጫፍ ለቀቀ፣ የተገናኙት እዚህ ሆነ። አፖሎ የሚባለው አምላካቸው መቅደስ ነበር፣ ውስጡ ፒቲያ የምትባል ሴት ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ለጠያቂ መልስ ትሰጣለች። ንጉሥ ይመጣል ጦርነት ልግጠም ወይ ይላል፣ ከተማዎች መልእክተኛ ይልካሉ፣ ተራ ሰው ይመጣል ላግባ ወይ፣ ልጅ እወልዳለሁ ወይ፣ ባሕር ልሻገር ወይ ይላል። ይሄ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል፣ የሮም ቄሳሮች ክርስቲያን ሆነው ቴዎዶስዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የጣዖት አምልኮን እስከከለከለበት ጊዜ ድረስ።

አሁን ልብ በሉ፣ ያን ጊዜም ቢሆን ዴልፊ መጥቶ በዛው ቀን ጉዳዩን ጨርሶ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ፒቲያ የምትቀመጠው በወር አንድ ቀን ነበር፣ በብርዱ ወቅት ሦስት ወር ደሞ አፖሎ ቦታው ላይ የለም ተብሎ ስለሚታመን ጭራሽ አይጠየቅም። ሰው ከባሕር ማዶ መጥቶ ወረፋ ይጠብቃል፣ ምንጭ ወርዶ ይታጠባል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ ፍየል ያቀርባል፣ ፍየሏ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭባታል፣ ካልተንቀጠቀጠች ቀኑ አይደለም ተብሎ ይመለሳል። ቅድሚያ የማግኘት መብት የተሰጣቸው ከተሞች ነበሩ፣ የኪዮስ ደሴት ሰዎች ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን መሠዊያ ስላሠሩ ቅድሚያ ያገኙ ነበር፣ መሠዊያው አሁንም አለ ታዩታላችሁ። እና ቦታው ራሱ የተሠራው ተራራውን ቀስ ብሎ ለሚወጣና ለሚጠብቅ ሰው ነው። እደሩ የምለው ለዚህ ነው፣ እንቅልፉ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ጠዋትና ማታውን ለማግኘት ነው።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ። እዚህ አውሮፓ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ለግሪክ ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ፣ ግን ፈቃዱንም ፓስፖርቱን ወይም የጉዞ ሰነዱንም ሁለቱንም ያዙ፣ አንዱን ቤት ትታችሁ እንዳትሄዱ። ከአዲስ አበባ እናት አባት አስመጥታችሁ አብራችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፣ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ እና እባካችሁ መጨረሻ ሳምንት ላይ አትጠብቁ፣ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል።

ወቅቱስ? ይሄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ምክንያቱም የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ በጣም በጋለ ጊዜ መንግሥት ጥንታዊ ቦታዎችን እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ አድርገውታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሚያዝያና ግንቦት፣ ካልሆነም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። በሚያዝያ ሜዳው አበባ ነው፣ ፓርናሶስ አናቱ ላይ ገና በረዶ ሊኖር ይችላል፣ ከፍታው 2,457 ሜትር ነው። ታኅሣሥና ጥር ከሄዳችሁ ሰው የለም፣ ጸጥታው ደስ ይላል፣ ግን በር የሚዘጋው ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ቀኑ አጭር ነው። በሞቃቱ ወቅት ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል፣ እስከ ማታ ድረስ ክፍት ነው። ሰዓቱም የመግቢያው ዋጋም ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የግሪክ ባህል ሚኒስቴር የራሱ ድረገጽ ላይ እዩ፣ ትኬቱንም እዛው ግዙ፣ ከሌላ ሻጭ ጨምራችሁ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ደሞ ለኛ ቀላል የሆነ አለ። ግሪኮች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፋሲካቸው ከኛ ፋሲካ ጋር አንድ ቀን ነው የሚውለው። የትንሣኤ እሁድ ቦታው ዝግ ነው፣ ስቅለት ላይም ሰዓቱ ያጥራል፣ ስለዚህ ሌላው ቱሪስት ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገውን እናንተ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ካለው የኛ ካላንደር ታገኙታላችሁ። ሌሎቹ የሚዘጉባቸው ቀኖች በነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1፣ ማርች 25፣ ሜይ 1፣ ዲሴምበር 25 እና 26 ናቸው። በሁዳዴ የምትሄዱ ካላችሁ ደሞ አትጨነቁ፣ ሬስቶራንት ገብታችሁ «ኒስቲሲሞ» በሉ፣ የጾም ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የባቄላና የቦሎቄ ወጥ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ወይራ፣ ቅጠላ ቅጠል ያመጡላችኋል፣ እነሱ በጾም ሸርጣንና ስኩዊድ ስለሚበሉ ግን እሱን የማትበሉ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ።

አቴንስ ውስጥ አውቶቡሱ የሚነሳው ከመሐል ከተማ ሳይሆን ሊዮሲዮን ከሚባለው አውቶቡስ ተራ ነው፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚሄድ ሰዓቱን ቀድማችሁ አጣሩ። ረፋዱ ላይ የሚነሳውን ብትይዙ ይበቃል፣ ለምሳ ዴልፊ ናችሁ። ከቻላችሁ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ አራሆቫ የምትባለውን የተራራ ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ሸለቆው በግራ ነው የሚከፈተው።

ዴልፊ መንደሯ ትንሽ ናት፣ ሁለት ዋና ዋና ጎዳና ነው ያላት፣ ሆቴል ስትይዙ ወደ ሸለቆው የሚያይ ክፍል ጠይቁ፣ ታች እስከ ባሕሩ ድረስ የወይራ ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው። ይህቺ መንደር ድሮ እዚህ አልነበረችም። ካስትሪ ትባል ነበር፣ ቤቶቹ የቆሙት ጥንታዊው ፍርስራሽ አናት ላይ ነበር፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1892 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ትልቁን ቁፋሮ ሲጀምሩ መንደሩ በሙሉ ተነስቶ አሁን ያለበት ቦታ ተሠራ። ቤታቸውን ለዛ ድንጋይ ብለው የለቀቁ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ ሆቴሉንና ካፌውን የሚሠሩት፣ እኔ ይሄን ሳስብ እዛ የማጠፋት ገንዘብ አትቆጨኝም።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ትኬት አትቁረጡ። ፀሐይ በረድ ሲል በእግራችሁ በመኪና መንገዱ ወደ ምሥራቅ ሂዱ፣ ሙዚየሙን ታልፋላችሁ፣ ዋናውን በር ታልፋላችሁ፣ ከዛ ሁለቱ ትላልቅ ገደሎች የሚገናኙበት ጋ የካስታልያ ምንጭ አለ። ተሳላሚው የሚታጠበው እዚህ ነበር። ድንጋይ ስለሚወድቅ ወደ ውስጥ መግባት ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ግን ቆማችሁ ገደሉን ቀና ብላችሁ እዩት። ትንሽ ወረድ ስትሉ አቴና የምትባለው ሴት አምላካቸው መቅደስ አለ፣ ከመንገዱ ላይ ሆናችሁ ታች ይታያችኋል፣ ፎቶ ላይ ዴልፊ ተብሎ የምታዩት ክብ ሕንጻ እዛ ነው ያለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 380 እና 370 መካከል የተሠራ፣ ዙሪያውን 20 ዓምድ ነበረው፣ አሁን የቆሙት ሦስቱ ናቸው፣ እነሱንም በ1938 ነው መልሰው ያቆሟቸው። ምን ሆኖ እንደተሠራ፣ ለምን አገልግሎት እንደነበር አርኪዮሎጂስቶቹ እስከዛሬ አልተስማሙም። ቀን ላይ የሚመጣው ባስ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አይወርድም፣ ለኔ ግን ከዴልፊ ሁሉ ውቡ ቦታ ነው፣ በተለይ አመሻሽ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት በር ሲከፈት እዛ ድረሱ። ይሄን አደራ እላለሁ። ባሶቹ እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አላችሁ፣ ተራራውም ገና ጥላ ያለው ነው። ቅዱሱ መንገድ የሚባለው እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ግራና ቀኝ ባዶ የድንጋይ መቆሚያዎች ታያላችሁ፣ ሰው እነዚህን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል፣ እናንተ ግን እያንዳንዱ ላይ የነሐስ ሐውልት አስቡበት። ከተሞች ጦርነት ሲያሸንፉ ከምርኮው አሥራት አውጥተው ስዕለታቸውን እዚህ ያቆሙ ነበር፣ አንዱ የሌላውን ድል ለማስናቅ ትይዩ ያቆማል፣ ስለዚህ መንገዱ ላይ የሚሄድ ሰው የግሪክን የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ በሙሉ እያነበበ ነበር የሚወጣው። ነሐሱ የት ሄደ? ገሚሱ ቀለጠ፣ የሮሙ ቄሳር ኔሮ ብቻውን 500 ሐውልት እንደወሰደ ጥንታዊው ተጓዥ ፓውሳንያስ ጽፏል። ፋርሶችን ፕላታያ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 ሲያሸንፉ ያቆሙትን ሦስት እባብ የተጠማዘዘበትን የነሐስ ዓምድ ደሞ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ወደ ቁስጥንጥንያ ወሰደው፣ ዛሬም ኢስታንቡል አደባባይ ላይ ቆሟል፣ ዴልፊ የምታዩት ቅጂውን ነው።

ከፍ ስትሉ አቴናውያን ለአፖሎ የሰጡትን ስጦታ ያኖሩበት የነበረውን የአቴንስ ግምጃ ቤት ታገኛላችሁ፣ በ1903 እና 1906 መካከል ድንጋዩን ለቅመው መልሰው የሠሩት ትንሽ የእብነ በረድ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ፣ ከዚህ ግድግዳ ድንጋይ ላይ ነው ለአፖሎ የተዘመሩ ሁለት መዝሙሮች ከነዜማቸው የተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጹ። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ምልክት እንደሚደረገው ሁሉ እነሱም ከቃሉ በላይ የዜማ ምልክት አድርገዋል። ድንጋዩ ሙዚየሙ ውስጥ ነው፣ የቤተ ክህነት ዜማ የተማሩ አባቶች አብረዋችሁ ካሉ እሱን ሳታሳዩአቸው እንዳትወጡ።

ከዛ ከቤተ መቅደሱ ሥር ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ። ድንጋዮቹ ቅርጻቸው የተለያየ ሆኖ አንዱ ካንዱ ጋር እንከን የሌለው ግጥምጥም ብሏል። እዚህ ጋ እባካችሁ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው ቀና ብሎ ዓምዶቹን እያየ ያልፈዋል፣ ግንቡን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ከላይ እስከ ታች ጥቃቅን ፊደል ነው። የባሪያ ነጻ ማውጫ ሰነዶች ናቸው። ባለቤቱ ባሪያውን ለአፖሎ «ይሸጣል»፣ ብሩን የሚከፍለው ራሱ ባሪያው ነው፣ አምላኩ ገዛው ማለት ከዛ በኋላ ሌላ ሰው ሊገዛው አይችልም ማለት ነው። ስም አለ፣ ከየት አገር እንደመጣ አለ፣ ዋጋው አለ፣ ምስክሮቹ አሉ። አንዳንዱ ላይ ደሞ ባለቤቷ እስኪሞት አብራ ትኖራለች የሚል ቅድመ ሁኔታ አለ፣ ነጻ ወጣች ተብሎም ገና ታገለግላለች። በዴልፊ እንደዚህ ያሉ ከ1000 በላይ ሰነዶች ተገኝተዋል። ለኔ ከነገሥታቱ ወርቅ ሁሉ ይልቅ ይሄ ግንብ ነው የሚነካኝ፣ ምክንያቱም ወርቁ ጠፍቷል፣ የእነዚህ ሰዎች ስም ግን አለ፣ ልጆቻችሁንም እዚህ ጋ አቁማችሁ ንገሯቸው።

ቤተ መቅደሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ548 ተቃጥሎ ነበር፣ በ373 በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ፣ አሁን የምታዩት ከዛ በኋላ ወደ 330 አካባቢ ያለቀው ነው፣ ስድስት ዓምዶች መልሰው ቆመዋል። «ራስህን እወቅ» እና «ምንም አይብዛ» የሚሉት ቃሎች መግቢያው ላይ ተጽፈው ነበር። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ የሚተርከው የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ ታሪክ እዚህ ነው የሚነገረው፣ ፋርስን ልውጋ ወይ ብሎ አስጠየቀ፣ ከወጋህ ታላቅ መንግሥት ታጠፋለህ ተባለ፣ ደስ ብሎት ዘመተ፣ የጠፋው መንግሥት የራሱ ሆነ። አቴናውያን ደሞ በ480 ፋርሶች ሲመጡባቸው የእንጨት ግንብ ያድናችኋል ተባሉ፣ ገሚሱ አጥር ነው አለ፣ መሪያቸው ቴሚስቶክልስ ግን መርከቦቻችን ናቸው ብሎ ተከራከረ፣ ሳላሚስ ላይም በባሕር ውጊያ አሸነፉ። ሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ መልሱ ሁለቱም ጋ ድፍን ነው፣ ክሮይሶስ የማን መንግሥት ነው የሚጠፋው ብሎ አልጠየቀም፣ አቴናውያን ግን መልሱን ይዘው ሄደው ተከራከሩበት።

ፒቲያ ምን ሆና ነው የምትናገረው ለሚለው፣ ራሱ የዴልፊ ካህን የነበረው ፕሉታርክ ከመሬት ስለሚወጣ ሽታ ያለው እንፋሎት ጽፏል። የፈረንሳይ ቆፋሪዎች ስንጥቁን አላገኘነውም ስላሉ ረጅም ጊዜ ተረት ነው ተብሎ ነበር፣ በ2001 የታተመ ጥናት ግን ከመቅደሱ ሥር የመሬት ስንጥቆች እንደሚገናኙ፣ በምንጩ ውሃም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እንደተገኘ ገለጸ፣ ሌሎች ጂኦሎጂስቶች ደሞ መጠኑ አይበቃም ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ አላለቀም።

ከቤተ መቅደሱ በላይ ቲያትሩ አለ፣ 35 ረድፍ፣ 5000 ሰው ያህል የሚይዝ። እዛ ከላይ ተቀመጡ፣ ከሥራችሁ ቤተ መቅደሱ፣ ከሱ ሥር ሸለቆው። ጉልበት ያላችሁ ደሞ እስከ ስታዲየሙ ውጡ፣ ሩጫው 177 ሜትር ያህል ነበር፣ የመነሻው ድንጋይ መስመር አሁንም አለ። ፒቲያዊ ጨዋታዎች በየ4 ዓመቱ ይደረጉ ነበር፣ ሲጀመሩ የሙዚቃ ውድድር ነበሩ፣ ስፖርቱ ኋላ ነው የተጨመረው። የሠረገላ ውድድሩ ግን ታች ሜዳው ላይ ነበር።

አሁን ባሶቹ ሲመጡ እናንተ ትወርዳላችሁ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ሙዚየም ገባችሁ ማለት ነው። ሰው ሙዚየሙን ያስቀድማል ወይስ ቦታውን ብሎ ይከራከራል፣ እኔ ቦታው ይቅደም ባይ ነኝ፣ ባዶውን መቆሚያ አይቶ የመጣ ሰው ነው ሐውልቱ የሚገባው።

ሙዚየሙ ውስጥ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛው የሲፍኖስ ግምጃ ቤት ቅርጾች ናቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 525 አካባቢ። ሲፍኖስ የወርቅና የብር ማዕድን የነበራት ትንሽ ደሴት ናት። በምሥራቁ በኩል የነበረው ቅርጽ ላይ በግራ አማልክቱ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ፣ በቀኝ ሁለት ጀግኖች በወደቀ ሰው ሬሳ ላይ ይዋጋሉ። አንዱ አኪለስ ነው። ሌላው ሜምኖን፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ። ግሪኮች ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው፣ ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ አይደለም፣ ይሄን ለልጆቻችሁ በትክክል ንገሯቸው። ግን ደሞ ከ2500 ዓመት በፊት በግሪክ ቅዱስ ቦታ ላይ ከታላቁ ጀግናቸው ጋር እኩል ቆሞ የሚዋጋ ተደርጎ መቀረጹ ቀላል ነገር አይደለም። ፓውሳንያስ ደሞ ከቤተ መቅደሱ በላይ በነበረ አንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሜምኖንን ሥዕል አይቻለሁ ይላል፣ ከጎኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ እንደተሳለ ይናገራል፣ ሥዕሉ ጠፍቷል፣ የአዳራሹ መሠረት ብቻ ነው የቀረው። ቅርጹን አግኝታችሁ ሜምኖንን ራሳችሁ ፈልጉት፣ ስማቸው በቀለም ስለተጻፈ ነው ማን ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ የለዩት።

ሁለተኛው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ስሙኝ፣ ጥቂት የተሰባበሩ የድንጋይ ቁራጮች ናቸው። ቀላውዴዎስ ቄሳር ወደ ዴልፊ የላከው ደብዳቤ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ52 አካባቢ፣ ውስጡ የጋልዮስ ስም አለ። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጳውሎስን ቆሮንቶስ ላይ አቅርበው የከሰሱበት የአካይያ አገረ ገዥ እሱ ነው። ሊቃውንት ጳውሎስ ቆሮንቶስ የነበረበትን ዓመት፣ ከሱም ተነስተው የሌሎቹን ጉዞዎቹን ጊዜ የሚቆጥሩት በዋነኛነት ከዚህ ድንጋይ ነው። ደማቅ ነገር የለውም፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ሠራተኞቹን የጋልዮስ ጽሑፍ የት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ሠረገላ ነጂው ነው፣ በ1896 የተገኘ፣ ቁመቱ 1.80 ሜትር፣ ከነሐስ። የሲሲሊዋ ጌላ ገዥ ፖሊዛሎስ ለሠረገላ ድል ያቆመው ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ478 ወይም በ474። ያኔ በ373 የወደቀው ናዳ ስለቀበረው ነው የዳነው፣ ባይቀበር ኖሮ ቀልጦ ነበር። ፈረሶቹና ሠረገላው ቁርጥራጫቸው ብቻ ነው የቀረው፣ እሱ ግን ዓይኑ እንዳለ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ራሱ አለ። አሸንፏል፣ ግን ፊቱ ላይ ጩኸት የለም፣ ልጓሙን እንደያዘ ነው። ዙሩት፣ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን እዩ፣ ሠረገላው ውስጥ ሆኖ ለማንም የማይታየውን የእግር ጣቱን ጅማት ሳይቀር ሠርቶታል ሠሪው። ፍላሽ መጠቀም ክልክል ነው፣ ከሐውልት ጎን ቆሞ እየተቃለዱ ፎቶ መነሳትም አይፈቀድም፣ ጠባቂዎቹ ይቆጣሉ፣ ልክም ናቸው።

ከዚህ በኋላ የተጠየቁትን ጥያቄዎች ነው የምጽፈው።

አንዲት እናት «ጉልበቴን ያመኛል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለው ጠየቁኝ። እማማ፣ ይሂዱ። እስከ አቴንስ ግምጃ ቤት ድረስ ያለው መንገድ ቀስ ብለው ከሄዱ ይቻላል፣ ድንጋዩ ግን በሰው እግር ስለለሰለሰ ዝናብ ካለ ያንሸራትታል፣ የሚይዝ ጫማና ከዘራ ያስፈልግዎታል። ቲያትሩንና ስታዲየሙን ይተዉት፣ ሙዚየሙ ሜዳ ነው፣ መቀመጫም አለው፣ ደጁ ላይ ደሞ ከጥንት ክርስቲያኖች ባዚሊካ የመጣ ሞዛይክ ተነጥፏል፣ ወፎችና እንስሳት ያሉበት፣ ልጆቹ ሲጨርሱ እዛ ጋ ይጠብቋቸው።

ልጅ ያላችሁ ስለ ትኬቱ ጠይቃችኋል። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ያላቸው እስከ 25 ዓመት ድረስ በነጻ ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ እዚህ ተወልደው ዜግነት ያገኙት ልጆች መታወቂያቸውን ይያዙ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ደሞ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ለሁሉም ነጻ ነው።

አንድ ወንድማችን «መኪና ከተከራየን ሌላ ምን እንጨምር?» አለኝ። ኦስዮስ ሉካስ ገዳምን ጨምሩ፣ ከዴልፊ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው፣ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሞዛይኮች አሉት፣ በ1990 የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ እስካሁንም መነኮሳት ያሉበት ገዳም ስለሆነ ነጠላ ያዙ፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። መንገዱ ላይ ዲስቶሞ የምትባል ከተማ አለች፣ በጁን 10 ቀን 1944 የጀርመን ኤስኤስ ወታደሮች 218 ሰው የገደሉባት፣ ከኮረብታው ላይ መታሰቢያው ይታያል፣ ቆም ብላችሁ እለፉ። በአውቶቡስ የምትመለሱ ግን ገዳሙን ተዉት፣ የሕዝብ ትራንስፖርቱ አይመችም፣ ከሙዚየሙ ወጥታችሁ ምሳ ብሉ፣ የመመለሻ ትኬታችሁን ገና መንደሩ እንደደረሳችሁ ቁረጡ፣ በተለይ እሁድ ከሰዓት የሚሄደው ባስ ይሞላል።